ከጋራዡ በር ማዶ

በጋራዡ ውስጥ ሁሉም «መዳፍ» ነው የሚሉት። ስሙን የማያውቅ ደንበኛ እንኳ መኪናውን በር ላይ አቁሞ «መዳፍ ገብቷል?» ብሎ ይጠይቃል። ቅጽል ስሙ የወጣለት ከሥራው ነው። ሞተር ሲነሳ ሌሎቹ ጆሯቸውን ይጥላሉ፤ እሱ ግን እጁን በጨርቅ ጠርጎ መዳፉን ሞተሩ ላይ ያሳርፋል፣ ጥቂት ይቆያል፣ ከዚያ ጉዳቱ የት እንዳለ በጣቱ ያሳያል። ሁልጊዜ ያገኘዋል ማለት አይደለም። የበር ሲጥሲጥታና የቆርቆሮ መንቋቋት ለእሱ የሌሉ ነገሮች ናቸው፤ እነዚያን ቀጭኑ ኤሌክትሪሺያን ያዳምጥለታል። እሱ በተራው ከበድ ያለውን የካምቢዮና የፍሪሲዮን ሥራ ይወጣለታል። እንዲህ አንዱ የአንዱን ጎደሎ እየሞላ አብረው ጎልምሰዋል።

ጆሮውን የወሰደበት ማጅራት ገትር ነው። ገና አፉን ፈትቶ ወሬ ሲጀምር ታመመ፤ ሲድን ዓለም ዝም ብላ ጠበቀችው። እናትና አባቱ ቶሎ ስላለፉ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። እቴቴ ይላታል። አትክልት ሻጭ ናት፤ ከሰፈሩ መታጠፊያ ላይ ያለችው ጠባብ ሱቅ የእሷ ናት። መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ገብቶ የምልክት ቋንቋ ሲማር ማታ ማታ እሷን ያስጠናት ነበር። ቶሎ ለመደችው። ነገር ግን ሰው ተፈጥሮውን አይለቅምና እቴቴ በአፏም በእጇም ጯሂ ናት። በምልክት ስታወራ አጠገቧ የቆመ ሰው ራሱን ይከላከላል።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አፉ እሷ ሆነች። ሐኪም ቤት፣ ቤት አከራይ ዘንድ፣ ሥራ ሲቀጠር፣ የትም ቢሆን ከጎኑ ቆማ ትናገርለታለች። ሰውዬው ይጠይቃል፣ እሷ ትመልሳለች፤ እሱ እጇን ነካ አድርጎ «ምን አለ?» ሲላት «ቆይ፣ በኋላ እነግርሃለሁ» ትለዋለች። በኋላ የምትነግረው ግን ጫፍ ጫፉን ነው። በክፋት አይደለም። ፍቅሯ ጥድፊያ ነበረበት።

የመዳፍ ችግር ያለው ከጋራዡ በር ማዶ ነው። በግቢው ውስጥ ያልነዳው የመኪና ዓይነት የለም። ከግንብ እስከ ግንብ ወደፊትም ወደኋላም ይነዳል፤ ለእግረኛ እንኳ በሚጠብ ቦታ እሱ የጭነት መኪና ያዞርበታል። በሩ ጋ ሲደርስ ግን ሞተሩን አጥፍቶ ይወርድና ቁልፉን ለሌላ ሰው ይሰጣል። በመንጃ ፈቃድ ደንቡ ውስጥ አንዲት መስመር አለች፤ አመልካች ከጀርባው በሹክሹክታ የተነገረውን ቃል መስማት አለበት ትላለች። በሹክሹክታ የሚነዳ መኪና ማን እንዳየ እንጃ። መስመሯን ማን እንደጻፋትም በውል የሚያውቅ አልነበረም። ነበረች፣ በቃ።

ቁልፉን የሚቀበለው «ጥድፊያ» የሚባል መካኒክ ነው። ሙሉ ጤነኛ ጆሮ አለው፣ ፈቃድም አለው። የደንበኛ መኪና ለሙከራ ይዞ ወጥቶ ከአንድም ሁለቴ ከአጥር ጋር ተላትሟል። ልቡ ግን መልካም ነው፤ ሲመለስ ሁልጊዜ አውራ ጣቱን አቁሞ «ደህና ነው» ይለዋል። መዳፍ «ዳገት ላይ እንዴት ሆነ? ማርሹን ስትቀንስ ምን ተሰማህ?» ብሎ ሲጠይቀው ግራ ይጋባል። ምክንያቱም ዳገት አልወጣም፤ ትንባሆ ገዝቶ ነው የተመለሰው።

የቀድሞው ዋና መካኒክ ጡረታ ሲወጣ ሁሉም ቦታው የመዳፍ ነው ብሎ ጠበቀ። የጋራዡ ባለቤት፣ ጌታው የሚሏቸው ሽማግሌ፣ ወደ ቢሯቸው አስጠርተው ምልክቱን ከመዳፍ በለመደው ኤሌክትሪሺያን በኩል አነጋገሩት።

«ልጄ፣ ችሎታህን እኔ ነጋሪ አያሻኝም» አሉት። «ግን ዋና መካኒክ መኪናውን መንገድ ላይ ሞክሮ መፈረም አለበት። ኢንሹራንሱም ያለዚያ አይቀበለኝም። እኔ አይደለሁም፣ ህጉ ነው።»

መዳፍ ራሱን ነቀነቀ። ቦታው ለጥድፊያ ተሰጠ። ጥድፊያ ራሱ ሹመቱን እንደ ሌባ ነው የተቀበለው፤ ከባድ ሥራ በመጣ ቁጥር «አንተ እንዴት ታየዋለህ?» ብሎ ወደ መዳፍ ይሄዳል። መዳፍም ይነግረዋል። ቂም አልያዘበትም። በማን ላይ ይያዝ? ፖሊስ ህጉ ነው ይላል፣ ሐኪም ህጉ ነው ይላል፣ ጌታውም ህጉ ነው ይላሉ። ህጉ ደግሞ ተጠርቶ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው አይደለም።

ነገሩ የተነሳው በእቴቴ እግር ምክንያት ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መዳፍ ከሥራ ወደ ሱቋ ጎራ ብሎ ሳለ፣ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለውን የጎመን ሣጥን ለማውረድ ብርጩማ ላይ ወጣች። ብርጩማው ተንሸራተተ። ከነሣጥኑ ወደቀች፤ ቁርጭምጭሚቷም ሰው ሊያየው በማይፈልገው አኳኋን ዞረ። መንገዱ ላይ ታክሲ የለም። ሽንኩርት ያመጣችው ፒካፕ ብቻ ከነቁልፏ ቆማለች፤ ሹፌሩ ምሳ ሊበላ ሄዷል። መዳፍ እህቱን ታቅፎ ፒካፗ ውስጥ አስገባት፣ መሪውን ያዘ፣ ወጣ።

በደንብ ነዳ። እቴቴ ከዚያ በኋላ ለሰው ሁሉ የነገረችው ይህንን ነው፤ እንቅብ ሙሉ እንቁላል የጫነ ይመስል ነበር አለች። ከሆስፒታሉ በፊት ባለው መስቀለኛ መንገድ ላይ ግን ትራፊክ ፖሊስ እጁን ዘረጋ። መዳፍ ጥጉን ይዞ ቆመ።

«መንጃ ፈቃድ» አለ ፖሊሱ።

«ልጄ፣ እግሬን እያየህ ነው ወይስ ፈቃድ እየጠየቅክ?» አለች እቴቴ።

«ሁለቱንም፣ እናቴ። ለምንድን ነው የማይመልስልኝ?»

«አይሰማማ!» አለችና ወዲያው ከንፈሯን ነከሰች። ቃሉ ግን ካፏ ወጥቷል።

ፖሊሱ መዳፍን ወደ ጎን አስጠግቶ ራሱ መሪውን ያዘና ሆስፒታል አደረሳቸው። እቴቴን በአንድ ወገን ደግፎ አስገባት፣ አልጋ እስክታገኝ ጠበቀ፤ ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብሎ የክስ ወረቀቱን ጻፈ። ደግ ሰው ነበር። ደግነቱ ግን ክሱን አላስቀረውም።

ፍርድ ቤት የቀረቡት የእቴቴ እግር ገና በጀሶ እንዳለ ነው። በክራንች ተደግፋ ከወንድሟ ጎን ቆመች። ዳኛው ጠየቁ፤ እሷ መለሰች። ዳኛው ደገሙ፤ እሷም ደገመች። መዳፍ እጅጌዋን ሳብ አደረገ፤ መዳፏን ዘርግታ «ቆይ» አለችው። ከሰው ከንፈር ላይ አጥርቶ የሚያነባቸው ቃላት ጥቂት ናቸው። ከእነዚያ አንዱን ያን ጊዜ ከእህቱ ከንፈር ላይ አነበበው፤ «ምስኪን» የሚለውን። ከልጅነቱ ጀምሮ በብዙ አፍ ላይ ስላየው አይስተውም።

ዳኛው ጥፋተኛ ብለው በማስጠንቀቂያ ለቀቁት። ፋይሉን ከዘጉ በኋላ መነጽራቸውን አውልቀው እንዲህ አሉ፦

«እኔ የምፈርደው በተጻፈው ነው። የተጻፈው ራሱ ልክ አይደለም የምትሉ ከሆነ ግን ይህን የሚጠይቅ ሌላ ችሎት አለ። እዚያ ሂዱ።»

ውጪ አግዳሚ ወንበር ላይ ሲቀመጡ እቴቴ ደስ ብሏት ፊቷ በርቶ ነበር። የእሱ ፊት አልበራም።

«ምን ነበር ያልሽው?» አላት በእጁ።

«ያልኩትማ ይኸው አስፈታህ።»

«ምስኪን አልሽኝ።»

«ታዲያ ለዳኛ ጀግና ነው ልበለው? ምስኪን ነው፣ ምንም አያውቅም፣ እኔ ነኝ ያሳሳትኩት አልኩ። ምን ይጎድልብሃል?»

«መንዳት አውቃለሁ፣ የሚከለክለኝ ህጉ ነው በይው ብዬሽ ነበር። ያልኩሽን አላልሽም።»

እቴቴ ክራንቿን ወንበሩ ላይ አስደግፋ ሁለቱንም እጇን ነጻ አደረገች። «ይሄን ሁሉ ዘመን አፍ ሆኜህ፣ ዛሬ እንዲህ ትለኛለህ?»

«አፌ ሆነሻል፣ እቴቴ። እጅሽን እስማለሁ። ግን የሚወጣው ያንቺ ቃል ነው።»

ቤት እስኪደርሱ ድረስ ታክሲው ውስጥ እጇን ጉያዋ ከትታ ተቀመጠች፤ በእነሱ ቋንቋ ከዚህ የከረረ ኩርፊያ የለም።

መዳፍ ግን የዳኛውን ነገር ልቡ ላይ አኖረው። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ማኅበር ሄዶ ጉዳዩን ሲናገር እሱ ብቻ እንዳልሆነ አወቀ። አንዷ ዳቦ ቤት ያላት ሴት ዳቦዋን ለማከፋፈል ሹፌር ትቀጥራለች፤ ሹፌሩ ሲቀር ዳቦው ይደርቃል። አንዱ ገበሬ የራሱ ትራክተር ላይ መውጣት የሚችለው ከእርሻው ሳይወጣ ነው። ማኅበሩ ከአንዲት ጠበቃ ጋር አገናኛቸው። ወጣት ናት፤ ቢሮዋ ከአንድ ጫማ ቤት በላይ ያለች ክፍል ናት፣ ወንበሯም ሁለት ብቻ ስለሆነ የተረፉት ቆመው ነው የተነጋገሩት።

«ሁለት ህግ ነው ያለን» አለቻቸው ከማኅበሩ በመጣ አስተርጓሚ በኩል። «ታላቁ ሰው ሁሉ እኩል ነው ይላል። ታናሹ ደግሞ እናንተን በር ላይ ያስቀራል። ታናሽ ከታላቁ ሲጣላ ታላቁ ነው የሚሰማው። የኛ ሥራ ጠቡን ማሳየት ነው።»

«ካሸነፍን ፈቃድ ይሰጡናል?» አለች ባለ ዳቦ ቤቷ።

«አይሰጧችሁም። የፈተናው በር ይከፈትላችኋል። ከዚያ ወዲያ በመሪያችሁ ነው።»

ለመዳፍ ይህ በቂው ነበር።

እቴቴ ክስ መመሥረቱን ስትሰማ እግሯ ድኖ ነበርና የቀጠሮውን ቀን ጠየቀች፤ ከጎኑ ልትቆም። መዳፍ ጠበቃዋ የነገረችውን ነገራት፤ ችሎቱ ራሱ አስተርጓሚ ይመድባል፣ አስተርጓሚውም የቤተሰብ ሰው መሆን አይችልም።

«ይሄም ህግ ነው?» አለች።

«ይሄም ህግ ነው።»

«የማያውቅህ ሰው ነው እንግዲህ የሚናገርልህ።»

«ስለማያውቀኝ ነው ጥሩ የሚሆነው።»

ለተወሰነ ሰሞን እሱ ጋ መምጣቷን ተወች። በየሳምንቱ የምትልክለት ካሮትና ቃሪያም ቀረ። ጋራዥ ውስጥ ኤሌክትሪሺያኑ «ዘንድሮ ቃሪያው ተወደደ መሰለኝ» እያለ ይቀልድበት ነበር።

ችሎቱ በተሰየመ ቀን ግን እቴቴ መጣች። ሱቋን ዘግታ፣ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። መዳፍ ዞር ሲል አያት፤ እሷ ግን ጣራውን እያየች ነበር።

የመንገድ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ የላከው ነገረ ፈጅ ክፉ ሰው አልነበረም። ድምፁ የለሰለሰ ነው። «የተከበረው ችሎት፣ ደንቡ የወጣው ለእነሱ ለራሳቸው ደህንነት ነው» አለ። ከዚያ ወደ መዳፍ ዞሮ ጠየቀ። «አምቡላንስ ከኋላህ ሲመጣ በምን ታውቃለህ?»

አስተርጓሚዋ ረጋ ያለች ሴት ናት። ጥያቄውን ወደ እጅ መለሰችው፤ መዳፍ መለሰ፤ እሷም በድምፅ አሰማችው።

«እኔ በስፖኪዮ ነው የማውቀው። መብራቱን አያለሁ። መኪኖቹ ጥግ ጥጋቸውን ሲይዙም አያለሁ።»

እቴቴ ከኋላ ሆና ደነገጠች። «እኔ» አለች ሴትየዋ። እሷ ግን ይህን ሁሉ ዘመን በየደረሰችበት «እሱ» ስትል ነው የኖረችው። እሱ ይላል፣ እሱ ይፈልጋል፣ እሱ አይችልም። ወንድሟ በሰው ፊት «እኔ» ሲል የሰማችው ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው።

«የማይታይህስ ሲሆን?» አለ ነገረ ፈጁ።

«ከግንብ ኋላ የሚመጣ ካለ አልሰማውም፤ ይሄ እውነት ነው» አለ መዳፍ። «ስለዚህ እዚያ ስደርስ ቀስ እላለሁ። መስኮቱን ዘግቶ ሙዚቃውን የከፈተ ሰውም አይሰማም። እሱ ግን ቀስ አይልም።»

ከመሃል የተቀመጡት ዳኛ ፈገግ አሉ። «ጡሩምባ ሲነፋብህስ?»

«ጓደኞቼ ሲነዱ ጎናቸው ተቀምጬ እንዳየሁት፣ ከኋላ ሆኖ የሚነፋ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ቀይ መብራት እንዲጣስለት ነው።»

ችሎቱ ሳቀ። ሳቁ ጋብ ሲል ዳኛው ወደ ነገረ ፈጁ ዞሩ። መስማት የተሳናቸው አሽከርካሪዎች ከሌላው ይልቅ አደጋ ያደርሳሉ የሚል ጥናት መሥሪያ ቤቱ እንዳለው ጠየቁት። የለውም። መስመሯ ከየት እንደመጣችስ ይታወቃል? ከቀድሞው ደንብ ነው። የቀድሞውስ? ነገረ ፈጁ ወረቀቱን አገላበጠና፣ ከእሱም በፊት ከነበረው የተገለበጠ ይመስላል አለ።

በመጨረሻ መዳፍ የሚጨምረው ካለ ተጠየቀ። ተነስቶ ቆመ። «ፈቃድ ስጡኝ አላልኩም። ፈትኑኝ ነው ያልኩት። ብወድቅ ልውደቅ። አሁን ግን የወደቅሁት ሳልፈተን ነው።»

ሲወጡ እቴቴ ደጃፉ ላይ ጠበቀችው። በእጇ፣ ከእሷ በማይጠበቅ ትንሽ ምልክት፣ «ጥሩ ትናገራለህ ለካ» አለችው።

ውሳኔው ቶሎ አልመጣም፤ ሲመጣ ግን ግልጽ ነበር። አንድን ሰው ሳይፈተኑ፣ ጆሮው ስለማይሰማ ብቻ ከመንገድ መከልከል ከታላቁ ህግ ጋር አይሄድም፤ እያንዳንዱ በመንዳት ችሎታው ይፈተን፤ መሥሪያ ቤቱም ደንቡን ያሻሽል ተባለ። ባለ ዳቦ ቤቷ ማኅበሩ ግቢ ውስጥ አለቀሰች። መዳፍ በማግስቱ ማመልከቻውን ይዞ መሥሪያ ቤቱ ሄደ።

መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ሳቅ አለች። «ጋሼ፣ ውሳኔውን ሰምተናል፤ ኮምፒውተሩ ግን አልሰማም» ብላ በወረቀት ጻፈችለት። የጆሮ ምርመራ ውጤት ካልገባለት ቅጹ ወደሚቀጥለው ገጽ አያልፍም። ተመለሰ። ደግሞ ሄደ፤ ደግሞ ተመለሰ። ጠበቃዋ ደብዳቤ ጻፈች፣ ልጅቷም በበኩሏ አለቆቿን መነዝነዝ ያዘች። በመጨረሻ አንድ ቀን መዳፍን ከሩቅ ስታየው ከወንበሯ ብድግ ብላ በሁለት እጇ ና ና አለችው። ኮምፒውተሩ ሰምቷል።

የፈተናው ቀን የተቸገረው ፈታኙ ነበር። «ቀኝ፣ ግራ፣ አቁም እያልኩ ነው የምፈትነው። እንግዲህ ምን ልበል?» አለ። ተስማሙ፤ ከመነሳታቸው በፊት መዳፍ አምስት የእጅ ምልክት አስተማረው። ፈታኙ ነገሩን ወደደውና ኮስተር ብሎ ተለማመደ።

መዳፍም ወደቀ።

ጋራዥ ውስጥ ማንም አላመነም። ጥድፊያማ ፈታኙ ተንኮል ሠርቷል ብሎ ሊሄድበት ተነሳ። መዳፍ ግን ከልቡ እየሳቀ አስረዳቸው። መሪውም፣ ፍሬኑም፣ ወደኋላ አገባቡም እንከን አልነበረበትም፤ ሲታጠፍ የጎን መብራት ማሳየት ነው የረሳው። ዕድሜውን ሁሉ በግንብ መካከል የነዳ ሰው ለማን ያሳያል? እንዲያውም አንጀቱን ያራሰው ይህ መውደቅ ነው። እንደማንም ሰው ተፈትኖ፣ እንደማንም ሰው በጥፋቱ ወደቀ። ከዚያ ጌታው በሰጡት አሮጌ መኪና በግቢው ጥግ ሁሉ የጎን መብራት እያሳየ ሲዞር ሰነበተ፤ ያየ ሁሉ አበደ አለ። ሁለተኛው ላይ አለፈ።

ነገሩ ሁሉ በዚያ አልተቃናም። የኢንሹራንሱ ድርጅት ለእሱ ሲሆን ተጨማሪ ክፍያ ጠየቀ፤ ጠበቃዋ አሁን ከእነሱ ጋር ተያይዛለች፤ ባለ ዳቦ ቤቷም ፈቃድ አውጥታ በራሷ መኪና እያከፋፈለች ምስክር ሆና ቀርባለች። ጌታው ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠበቁም። ልዩነቱን ከኪሳቸው ከፍለው መዳፍን ዋና መካኒክ አደረጉት። ጥድፊያ ቦታውን ሲያስረክብ ከባድ ዕቃ ከትከሻው እንዳወረደ ሰው ተነፈሰ። መዳፍ የመጀመሪያውን ሙከራ የወጣው ካምቢዮው በተቀየረ የጭነት መኪና ነው። ከከተማው ጀርባ ያለውን ዳገት እስከ ጫፍ ወጣ፤ አናቱ ላይ አቁሞ ወረደና ከታች ያለውን ሰፈር እያየ ጥቂት ቆየ። ለምን እንደቆየ ሲጠየቅ ራዲያተሩ እንዲበርድ ነው አለ። ራዲያተሩ አልጋለም ነበር።

ቃሪያና ካሮቱም መጣ። እቴቴ ግን በዚህ አልበቃትም። አንድ የዕረፍት ቀን ጋራዡ ድረስ መጥታ ወንድሟን ከመኪና ሥር አስወጣችው።

«አስተምረኝ» አለችው።

«ምን?»

«መንዳት ነዋ። ሽንኩርት ሊያመላልስልኝ ሹፌር ሲያላግጥብኝ ሊኖር ነው? አንተ ከቻልክ እኔ ምን ጎደለኝ?»

«አንቺ ብዙ ታወሪያለሽ። ፈታኙን ታናድጂዋለሽ።»

«ለሱ ግድ የለህም።»

ሁለቴ ተፈትናለች፤ ሁለቴም ወድቃለች። አንደኛው ላይ ፈታኙን ስለ ልጆቹ ስትጠይቀው መታጠፊያውን አለፈችው፤ ሁለተኛው ላይ የአንድ የቆመ መኪና ባለቤት የምታውቀው ሰው ስለሆነ ሰላም ልትለው ቆመች። አሁን ለሦስተኛው እየተዘጋጀች ነው። የዕረፍት ቀን በጋራዡ በኩል የሚያልፍ ሰው ግቢው ውስጥ አንዲት ፒካፕ የጎን መብራቷን እያብለጨለጨች ስትዞር ያያል። መዳፍ ከጎኗ ተቀምጦ ስፖኪዮውን እያሳየ ይቆጣታል፤ እሷም ሁለቱንም እጇን ከመሪው ላይ አንስታ ትመልስለታለች።